መታወቂያ የሌላቸው እናት እንዴት ይመዝገቡ? ደግሞስ የምንመርጠው የቀበሌውን ነው?

አዲሱ መምህር፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ የምታውቁ እባካችሁ መልሱልኝ። መምህር ነኝ፣ ከከተማ ተዛውሬ ገጠር ቀበሌ ከገባሁ አራት ወሬ ነው። ያከራዩኝ እማማ ባላቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗል፣ መታወቂያ የላቸውም፣ ያኔ ለምርጫ የተመዘገቡትም ባላቸው ይዘዋቸው ሄደው ነው። ሰሞኑን ስለ ምርጫ ስናወራ ተነስተው ሳጥናቸውን ከፈቱና በፌስታል የተጠቀለለ የ2013 ካርዳቸውን አወጡ፣ ከመሬት ደብተሩ ጋር ነው ያስቀመጡት፣ "ይኸ አይበቃኝም ልጄ?" ሲሉኝ መልስ አጣሁ። እኔስ የከተማ መታወቂያ ይዤ እዚህ መመዝገብ እችላለሁ? ደግሞ እዚህ ሰዉ ሁሉ የሚጠብቀው የቀበሌውን አመራር የሚመርጥ መስሎት ነው፣ ቦኖው ከተበላሸ ስንት ጊዜው፣ "ምርጫ ሲመጣ እናነሳቸዋለን" ነው የሚሉት። እውነት ነው?

የድሮ መዝጋቢ፦
መምህር ሰላም፣ እኔም አስተማሪ ነኝ፣ በ2013 ገጠር ጣቢያ ላይ መዝጋቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። የእማማ ካርድ ያገለገለው ለዛ ምርጫ ብቻ ነው፣ ለሚመጣው እንደገና መመዝገብ አለባቸው፣ እሱም ራሳቸው በአካል ቀርበው ነው፣ ልጅም ባልም ወክሎ አያስመዘግብም። መታወቂያ የለኝም ብለው ግን እንዳይቀሩ! የምርጫ አዋጁ (1162/2011) ገጠር ያለውን ሰው ሁኔታ አይቶ ነው የወጣው፣ ሰነድ የሌለው ሰው በሚያውቁት የአካባቢው ነዋሪዎች ምስክርነት የሚመዘገብበት መንገድ አለ። እኛ ጣቢያ ብዙ እናቶች እንደዛ ነው የተመዘገቡት። የሚመሰክሩላቸውን ሰዎች ቀድማችሁ አነጋግሩ፣ አብረዋቸው ይሂዱ፣ ምክንያቱም በእርሻ ሰዓት ሰው ፍለጋ መንከራተት ከባድ ነው። የመሬት ደብተሩ ላይ ፎቷቸው ካለ እሱንም ይያዙ፣ ብቻውን ባይበቃ እንኳ ማንነታቸውን ለማስረዳት ያግዛል።

ያንተ ጉዳይ የስድስት ወር ጉዳይ ነው። 18 ዓመት ከመሙላት ሌላ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖርክ መሆን አለብህ። ልብ በል፣ የሚለው ምርጫ ክልል (አንድ የፓርላማ ተወካይ የሚመረጥበት አካባቢ) ነው እንጂ ቀበሌ አይደለም፣ የመጣህበት ከተማ እዛው ምርጫ ክልል ውስጥ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ብቻ ሁለት ቦታ እንዳትመዘገብ፣ በሕግ ያስጠይቃል።

ወይኒቱ፦
እኔ አንድ ነገር ልጨምር፣ ስማቸውን በደንብ አስጽፏቸው። አክስቴን በአካባቢው ሁሉም የሚጠራት በቤት ስሟ ነው፣ የመዝገብ ስሟን ጎረቤት እንኳ አያውቀውም። መዝጋቢው ማን ልበል ሲል አጠገቧ የነበረው ሰው ቶሎ ብሎ የቤት ስሟን ነገረው፣ እሷ ማንበብ አትችልም፣ ካርዷን ተቀብላ አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። የምርጫው ቀን ከንጋቱ ጀምራ ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ መታወቂያው ሌላ ካርዱ ሌላ ሆነ። የሚያውቋት ሰዎች ገብተው ተነጋግረው በስንት ልመና መረጠች እንጂ ልትመለስ ነበር፣ እንባዋ በአይኗ ሞልቶ እንደቆመች አሁንም ይታየኛል። ስለዚህ መምህር ካርዱ እንደተሰጣቸው እዛው ጠረጴዛው ላይ እያለ አንብብላቸው። ከምዝገባው በኋላም መዝገቡ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል፣ ያኔ ሄደህ እይላቸው፣ ስህተት ካለ አቤት የሚባለው ያን ጊዜ ነው።

የወረዳው ልጅ፦
ስለ ቀበሌው ጥያቄህ፣ ይሄን ነገር ሕዝቡ በግልጽ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። በ2013 ሰኔ 14 የመረጥነው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት ነው፣ የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት የሚመረጠው በአካባቢ ምርጫ ነው፣ እሱ ደግሞ በሚያዝያ 2005 ተደርጎ በ2010 መደገም ሲገባው ተራዘመ። በ2005ቱም ብዙ ተቃዋሚ ፓርቲዎች አልተሳተፉም። ስለዚህ የምርጫ ቦርድን የጊዜ ሰሌዳ እዩ፣ "የአካባቢ ምርጫ" የሚል ከሌለ የቀበሌ ሰው አትመርጡም። በዛ ላይ የቀበሌ ሥራ አስኪያጁ ተቀጣሪ ነው፣ በድምፅ አይነሳም፣ የሚመረጠው ምክር ቤቱ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ ለገበሬው በየቀኑ የሚደርሰው የመሬት፣ የማዳበሪያ፣ የውሃ ጉዳይ ቀበሌ ላይ ነው የሚያልቀው፣ ሳይመረጥ ይሄን ያህል ዓመት የቆየው ደግሞ እሱ ነው።

ዝምተኛው፦
እንግዲያው ምን ይመዝገቡ ታዲያ? እኛ ጋ በ2005 የአንድ ፓርቲ ሰዎች ብቻ ነበሩ የቀረቡት፣ መርጠን ምን አገኘን? አሮጊቷን በፀሐይ ከማንከራተት ቤታቸው ቢያርፉ አይሻልም?

የድሮ መዝጋቢ፦
ወንድሜ የምትለው ይገባኛል፣ እኔም ያየሁትን አይቻለሁ። ግን ያለመመዝገብን ውሳኔ እኛ ልንወስንላቸው አይገባም፣ ካርዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ከመሬት ደብተር እኩል ያስቀመጡ ሰው ናቸው። የክልል ምክር ቤትም ቢሆን ለነሱ ሩቅ አይደለም፣ የክልሉ የመሬት አስተዳደር ሕግ የሚወጣው እዛ ነው። የአካባቢ ምርጫ ለምን ዘገየ ብሎ እጩን ፊት ለፊት የሚጠይቅም ካርድ የያዘ ሰው ቢሆን ነው የሚሰማው። መንገዱ ካሳሰበህ በበቅሎም ቢሆን ይወሰዳሉ፣ እኛ ጣቢያ አቅመ ደካሞችን ሰልፍ አናስጠብቅም ነበር።

አዲሱ መምህር፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ዛሬ ማታ ምድጃ ዳር ቁጭ ብለን ሁሉንም ነገርኳቸው። የቀበሌው እንዳልሆነ ስነግራቸው ዝም አሉ፣ ቆይተው "እና ለቦኖው ማንን እንጠይቅ?" አሉ። እሱን የወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ እንጠይቃለን ብዬ ከጎረቤቶቹ ጋር ማመልከቻ ልንጽፍ ተስማምተናል። ወይኒቱ እውነትሽን ነው፣ ስማቸውን ስጠይቃቸው ደብተሩ ላይ ያለው እኔ ከማውቀው የተለየ ነው፣ አራት ወር ሙሉ በቤት ስማቸው ስጠራቸው ኖሬ! በወረቀት ጻፍኩላቸው፣ ደብተሩ ውስጥ አስገቡት። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፣ ድምፅ ሲሰጡ ማንበብ ስለማይችሉ እኔ አብሬ መግባት እችላለሁ?

የድሮ መዝጋቢ፦
ወረቀቱ ላይ የየፓርቲው ምልክት አለ፣ ምልክቱን ለይተው በጣት አሻራ መምረጥ ይችላሉ፣ ስለዚህ አስቀድመህ ምልክቶቹን ብቻ አሳያቸው፣ የቱን እንደሚመርጡ ግን አትጠይቃቸው። አይናቸው ደክሞ ካልቻሉ እሳቸው የሚያምኑትን ሰው ይዘው እንዲገቡ ይፈቀዳል፣ ሰውየውን የሚመርጡት ግን እሳቸው ናቸው።