«እሺ» ካሉ በኋላ ሌላ ኢንተርቪው፦ የጅማ ኮንትራት ሠራተኞች ክርክር

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄው ይህ ነው፦ በኮንትራት የሚሠራ ባለሙያ ለአንድ ቀጣሪ «እሺ፣ እመጣለሁ» ካለ በኋላ ሌላ ቦታ ኢንተርቪው መቀጠል ይገባዋል ወይ? ጅማ ላይ ጉዳዩ ብዙ ሰው ይነካል። የመንገድና የሕንፃ ሳይት መሐንዲሶች፣ ሰርቬየሮች (የመሬት ቀያሾች)፣ የፕሮጀክት መረጃ ሰብሳቢዎች፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ጥራት ተቆጣጣሪዎች፣ አብዛኞቹ የሚቀጠሩት በወራት በሚቆጠር ውል ነው። ገጠመኝ ይቆየን፤ አሠራሩን አምጡት።

የሳይት መሐንዲስ፦ ይቀጥል። ውል ተፈርሞ፣ የመነሻ ቀኑ ደርሶ ሳይት ላይ እስኪቆም ድረስ ይቀጥል። የቃልን ክብር ንቄ አይደለም፤ የቀጣሪው «ወስደንሃል» በምን ላይ እንደቆመ ሳየው ነው። ተቋራጭ ጨረታ ሲገባ የቁልፍ ባለሙያዎችን ሲቪ ከሰነዱ ጋር ያስገባል። ሲያሸንፍ የአፈጻጸም ዋስትና፣ ማለትም ሥራውን እንደ ውሉ ለመፈጸሙ መያዣ፣ አቅርቦ ይፈርማል፣ ከዚያ ቅድመ ክፍያ ይጠይቃል። በመንግሥት ግዥ ቅድመ ክፍያው ከውሉ ዋጋ 30 በመቶ አይበልጥም፤ ለእሱም ሌላ ዋስትና ይቀርባል። ይህ ገንዘብ ሳይገባ ማሽን የሚያንቀሳቅስ፣ ሰው ደመወዝ ላይ የሚያስገባ ተቋራጭ ጥቂት ነው። የክፍያው ወረቀት ግንቦትን ተሻግሮ ሰኔ ከገባ ደግሞ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ የአፈር ሥራ ይቆማል፣ «መስከረም እንገናኝ» ይባላል። በስልክ «ሰኞ ትጀምራለህ» የተባለ ሰው እስከዚያ የቤት ኪራይ በምን ይክፈል?

የሰው ኃይል ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ ስለ ተቋራጩ ያልከው ልክ ነው። በወዲያ በኩል ያለውን ሒሳብ ግን አላነሣኸውም። የቅጥር ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ሲይዝ ሁለተኛ የወጣውን በተጠባባቂነት ይጽፋል። አንደኛው በሦስት ቀን ውስጥ «ይቅርታ፣ አልመጣም» ካለ ለተጠባባቂው ይደወላል፣ ነገሩ በዚያ ያልቃል። በሦስተኛው ሳምንት ካለ ግን ተጠባባቂው ሌላ ቦታ ገብቷል። እንደገና ማስታወቂያ፣ ምዝገባ፣ ማጣሪያ፣ የጽሑፍ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅ። ይህ ሁሉ አንድ ወር ቢበላ ከስድስት ወር ፕሮጀክት አንድ ስድስተኛው ሄደ ማለት ነው። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚባልበት አገር ነው። ያልቆረጠ ሰው «እስከ ሐሙስ አስቤ ልመልስ» ይበል፤ «እሺ» ካለ ግን ያብቃ።

ሰርቬየር፦ እህቴ፣ እስከ ሐሙስ የሚታገሥ ቀጣሪ ስንት ነው? «አሁን ካልወሰንክ ለሌላ እንሰጠዋለን» ተብሎ በስልክ የወጣ «እሺ» ምን ያህል ክብደት ይሰጠዋል? በዚያ ላይ ሰውየው ምን እንደተቀበለ ገና አያውቅም። የተነገረው ደመወዝ የተጣራ ነው ያልተጣራ? የሳይት አበል አለው? መኝታና ምግብ በማን ነው? ቶታል ስቴሽኑን፣ የቅየሳ መሣሪያውን፣ ድርጅቱ ያቀርባል ወይስ ባለሙያው ይዞ ይምጣ? ይህ የሚታየው ውሉ ሲቀርብ ነው። መሣሪያው በባለሙያው ከሆነ የኪራዩ ሒሳብ ደመወዙን ሌላ ያደርገዋል።

የሕግ ባለሙያ፦ ሁለታችሁንም ላርማችሁ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል የተለየ ፎርም አይጠይቅም፤ በቃልም ይመሠረታል። ስለዚህ «ካልፈረምኩ ውል የለም» ማለት ስሕተት ነው። ችግሩ ማስረጃ ነው፦ የስልክ «እሺ» ደመወዙን፣ ቀኑን፣ የሥራውን ዓይነት አያስረዳም። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ይህን ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በጽሑፍ መስፈርም አለበት። በሙከራ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች ያለ ማስጠንቀቂያ መለያየት ይችላሉ። ሙከራውን የጨረሰ ሠራተኛ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ያን ሳያደርግ ቢሄድ ካሣ ይጠየቃል፤ ካሣው ግን ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም። ሌላ ቦታ ኢንተርቪው መቀመጥን የሚከለክል አንቀጽ የለም። በራሱ የሙያ ኃላፊነት በክፍያ የሚሠራ፣ ለምሳሌ አንድ ዲዛይን ሠርቶ የሚያስረክብ ሰው ደግሞ አዋጁ አይመለከተውም፤ የሚገዛው የፈረመው ውልና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። እሱ የመውጫ አንቀጹን ሁለት ጊዜ ያንብብ።

የቡና ጥራት ባለሙያ፦ የሕጉን ቁጥር ወደ ቡና አምጥቼ ላስላው። በሳምንት ስድስት ቀን ከተሠራ 60 የሥራ ቀን ማለት 10 ሳምንት ነው። የማጠቢያ ጣቢያ ውል ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሦስት ወር ቢሆን 13 ሳምንት ገደማ ነው። ሙሉ ሙከራ ከተጻፈበት ውሉ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት እስኪቀረው ድረስ ማንም ማንንም ሳያስጠነቅቅ መሄድ ይችላል! እዚህ ላይ ሕጉ ጣቢያውን አያድነውም።

ጎማም ሆነ ሊሙ፣ የታጠበ ቡና በሚዘጋጅበት ሁሉ ቀይ እሸቱ በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበት። ከዚያ ገንዳ ውስጥ እንደ አየሩ ቅዝቃዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይብላላል። መድረሱ የሚታወቀው በእጅ ነው፦ ተቆጣጣሪው እፍኝ ቡና አውጥቶ፣ በውኃ አለቅልቆ በመዳፉ ያሸዋል። ካንሸራተተ ገና ነው፤ እንደ ጠጠር ከሻከረና ኮሽ ካለ ይታጠባል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ሊደርስ ይችላል፤ የሚያሸው ሰው ከሌለ ያልፍበታል፣ ይኮመጥጣል። ገንዳው ሙሉ ነው የሚበላሸው። ታጥቦ ማድረቂያ አልጋ ላይ ወጥቶም እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ እስኪወርድ በየጊዜው ይገላበጣል፣ በቀትር ፀሐይና በሌሊት ይሸፈናል። እሸቱ በሚጎርፍበት በኅዳር ወር ተቆጣጣሪው ጥሎ ከሄደ በሳምንት ውስጥ የሚተካ ሰው አይገኝም፤ እጁ የሠለጠነው ሁሉ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ አቋሜ ቁርጥ ነው፦ እስከ መስከረም መጨረሻ እንደልብህ ተወዳደር፤ የመጀመሪያው እሸት ከተመዘነ በኋላ ግን የቡናው ወቅት እስኪያልቅ አትንቀሳቀስ።

የሳይት መሐንዲስ፦ ለቡናው እቀበላለሁ። ያ ግን ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው፤ የምንከራከረው ከመጀመሩ በፊት ስላለው ጊዜ ነው። እኛም ዘንድ ከተጀመረ በኋላ ሌላ ነው። በጨረታ ሰነድ ስሙ የገባ መሐንዲስ ሲለቅ ተተኪው በትምህርትና በልምድ እኩል ወይም የተሻለ ሆኖ ሥራውን የሚቆጣጠረው አማካሪ መሐንዲስ ማጽደቅ አለበት፤ እስኪጸድቅ ሥራ ሊጓተት ይችላል።

ሰርቬየር፦ ማንም ያላነሣው አንድ ነገር አለ፤ ዋሱ። ብዙ ቀጣሪ ዋስ ይጠይቃል፤ ዋሱም ከመሥሪያ ቤቱ ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፎ ያመጣል። ደብዳቤው ለአንድ ድርጅት ስለሚጻፍ ለሌላው አይሆንም። ዋስ አስቁሞ ሐሳቡን የሚቀይር ሰው ሰውን አንከራትቷል፤ በሚቀጥለው ወር ያንኑ ሰው በምን ፊት ይለምነዋል? ለእኔ ድንበሩ እዚህ ነው። ዋስ ከመጥራትህ በፊት ቁረጥ፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ማመልከቻ አታስገባ። ዋናውን ዲግሪ ደግሞ የትም አትተው፤ አሳይተህ ኮፒውን ስጥ። ወረቀቱ ከተያዘ መውጫው ይጠብባል።

የሰው ኃይል ባለሙያ፦ የዋሱ ነገር ትክክል ነው፣ ድንበሩን እቀበላለሁ። ግን ቀድሞ የተጀመረ ኢንተርቪውስ? ሁለት ዙር አልፎ ሦስተኛው አዲስ አበባ የቀረው ሰው?

የሳይት መሐንዲስ፦ ይሂድ፤ ግን ይናገር። አዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ ቢያንስ ሁለት ቀን ይበላል። «አሞኛል» ብሎ መናኸሪያ ላይ ከሚታይ በፊት ለቀጣሪው እንዲህ ብሎ ይጻፍ፦ «የሰጣችሁኝን ሥራ ተቀብያለሁ። ከእናንተ በፊት የጀመርኩት አንድ የመጨረሻ ዙር አለ፤ ውጤቱን እስከዚህ ቀን አሳውቃችኋለሁ። እስከዚያ ተጠባባቂውን አትልቀቁ።» ቀኑን በቁጥር ያስቀምጥ። «በቅርቡ» የሚል መልእክት ለማንም አይጠቅምም።

የሰው ኃይል ባለሙያ፦ እንዲህ ብሎ ለሚጽፍ ሰው ብዙ ቀጣሪ «እንግዲያው ይቅርብህ» ይለዋል። ይህን ደብቀህ አትምከረው።

የሕግ ባለሙያ፦ ይላል፤ አደጋው እውነት ነው። አደጋው የሚቀንሰው ቀጣሪውም ራሱን ሲያስር ነው። የቅጥር ደብዳቤው ላይ የመነሻ ቀን ይጻፍ፤ ከዚያ ቀን ከ15 ቀን በላይ ከዘገየ ሠራተኛው ነፃ ነው ወይም ደመወዙ ይታሰባል የሚል አንድ መስመር ይግባ። ይህን ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ የሚከለክል ሕግ የለም። ያን መስመር የፈረመ ቀጣሪ «ለምን ሌላ ትፈልጋለህ» ብሎ ቢጠይቅ ያምርበታል።

የሳይት መሐንዲስ፦ ቅድመ ክፍያ የሚጠብቅ ተቋራጭ አይፈርመውም።

የሰው ኃይል ባለሙያ፦ ካልፈረመው ሰውየው ኢንተርቪው ቢቀጥል እኔም አልወቅሰውም። ከፈረመ በኋላ ግን በአቋሜ ነኝ፤ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።»

የቡና ጥራት ባለሙያ፦ ያን መስመር ለማጠቢያ ጣቢያ አትጻፉት። እሸት የሚቀላው በዝናቡ ነው፤ 15 ቀን ወዲያና ወዲህ ማለት የተለመደ ነው። ለእኛ የሚሻለው የሙከራውን ጊዜ ወደ 12 የሥራ ቀን አሳጥሮ፣ ከደመወዙ የተወሰነውን የመጨረሻው ቡና ከአልጋ ሲነሣ በጉርሻ መልክ መክፈል ነው።

ሰርቬየር፦ ጉርሻው ከደመወዙ ላይ ተቀንሶ ከሆነ አልስማማም። በላዩ ላይ ተጨምሮ ከሆነ እንነጋገር።