ማሽኑ አውሮፕላን ይምራ ወይስ ምክር ብቻ ይስጥ? (ክርክር)

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኸው። የእንግሊዝ የአየር ትራፊክ አገልግሎት ናትስ፣ ከአለን ቱሪንግ ኢንስቲትዩትና ከኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ጋር «ፕሮጀክት ብሉበርድ» የሚባል ሥራ አለው። በሲሙሌሽን ውስጥ አውሮፕላኖችን የሚመራ ሰው ሰራሽ አስተውሎት ይሞክራሉ። የአውሮፓ የአቪዬሽን ደህንነት ኤጀንሲ ደግሞ ነገሩን በሦስት ደረጃ ከፍሎታል፦ ሰውን የሚረዳ፣ ከሰው ጋር አብሮ የሚሠራ፣ በራሱ የሚወስን። እናንተ የቱ ላይ ትቆማላችሁ? ዓመቶቹ በፈረንጅ ይሁኑ። ስድብ የለም።

ኮደሩ፦ ሦስተኛው ላይ፣ ቀስ በቀስ። ማሽን ከሰው በላይ ይሰማ ከተባለ እኮ ቆየ። ጁላይ 1 ቀን 2002 ጀርመን፣ ኡበርሊንገን ሰማይ ላይ ሁለት አውሮፕላኖች ተጋጭተው 71 ሰው አለቀ። የሩሲያውን አውሮፕላን የራሱ ግጭት መከላከያ፣ ቲካስ፣ «ውጣ» ይለዋል። ዙሪክ ያለው የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ «ውረድ» ይለዋል። አብራሪዎቹ ሰውየውን ሰሙ። ሌላው፣ የጭነት አውሮፕላኑ፣ ደግሞ ቲካሱን ሰምቶ እየወረደ ነበር። ከዚያ በኋላ ሕጉ ጠራ፤ ሁለቱ ከተቃረኑ ቲካስን ስማ። ታዲያ ምኑ ላይ ነው የምንከራከረው?

ከማማው፦ ወንድሜ፣ ታሪኩን ከመሃል ጀመርከው። እኔ ሥራዬ ይሄው ስለሆነ ከመነሻው ልንገርህ። ሌሊት ነው። ባልደረባው ዕረፍት ወጥቷል። ሰውየው ብቻውን ሁለት ስክሪን ይዟል። ጥገና ላይ ስለነበሩ ግጭት ሲቃረብ ስክሪኑ ላይ የሚያስጠነቅቀው ነገር አይሠራም። ስልኩም ተቋርጧል። ካርልስሩሄ ያሉት የጀርመን ተቆጣጣሪዎች አደጋውን አይተው ቢደውሉ ቢደውሉ መስመሩ አልገባ አላቸው። ይሄ የሰው ድክመት ነው ወይስ ሰውን ብቻውን ጥሎት የሄደ አሠራር? ደግሞ ቲካስ ከመረጃ የተማረ ማሽን አይደለም። ሕጉ አንድ በአንድ ተጽፎ፣ አንድ በአንድ የተፈተሸ ነው።

የቢሾፍቱ ልጅ፦ እኔ ቴክኒኩ አይገባኝም። ግን ማርች 10 ቀን 2019 የወደቀው ኢቲ 302 ከእኛ ሩቅ አይደለም። 157 ሰው። ኮምፒዩተሩ አፍንጫውን ወደ ታች ሲደፋው አብራሪዎቹ ሲታገሉት ነበር። «ማሽኑ ይወስን» የሚል ሰው በመጣ ቁጥር እሱ ነው ትዝ የሚለኝ።

ኮደሩ፦ አፍንጫውን የደፋው ሶፍትዌር፣ ኤምካስ፣ ሰው ሰራሽ አስተውሎት አልነበረም።

የቢሾፍቱ ልጅ፦ ለሞቱት ምን ለውጥ አለው?

ኮደሩ፦ ለሟቾቹማ የለውም። ለሚሠራው ሰው ግን አለው። ያ ሶፍትዌር የሚያምነው አንድ ሴንሰር ብቻ ነበር። ሴንሰሩ ሲዋሽ «ተው» የሚል ሁለተኛ አልነበረም። ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰው የሞተበት አደጋ እስኪደርስ ደግሞ አብራሪዎቹ ኤምካስ የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ አያውቁም ነበር። ይሄ የስስት ዲዛይን ነው።

ሰርቨር ጠባቂ፦ «መጠባበቂያ አለው» ሲሏችሁ ደግሞ ምን ዓይነት ብላችሁ ጠይቁ። ኦገስት 28 ቀን 2023 የዚሁ የናትስ ኮምፒዩተር አንድ የበረራ ዕቅድ ይመጣለታል፤ ከሎስ አንጀለስ ፓሪስ። መንገዱ ላይ ዲቪኤል የሚባሉ ሁለት ነጥቦች አሉ። አንዱ ፈረንሳይ ዶቪል፣ አንዱ አሜሪካ ሰሜን ዳኮታ፣ ዴቭልስ ሌክ። ፕሮግራሙ ግራ ገባውና ራሱን ዘጋ። መጠባበቂያው ተረከበ። ያንኑ ዕቅድ በዚያው ሶፍትዌር አነበበና እሱም ተዘጋ። ሁለቱም በ20 ሰከንድ ውስጥ! ከ700,000 በላይ መንገደኛ ተጉላላ። ስህተት መገመቱን ትቶ ሥራ ማቆሙ ጥሩ ነው፣ ማንም አልሞተም። ግን ያንኑ ሶፍትዌር ሁለት ቦታ መጫን መጠባበቂያ አይባልም። ሰው ሰራሽ አስተውሎት ላይም ያው ነው። በአንድ መረጃ የሠለጠኑ ሁለት ሞዴሎች አብረው ነው የሚሳሳቱት።

ቨርጂንያ ያለሁት፦ እኔ ከኮደሩ ጋር ነኝ ማለት ይቻላል። ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ሬገን አየር ማረፊያ አጠገብ፣ ፖቶማክ ላይ፣ የጦር ሄሊኮፕተርና የመንገደኛ ጄት ተጋጭተው 67 ሰው ሞተ። ዲሲ አካባቢ ያለን ሐበሾች ስንቴ የበረርንበት ቦታ ነው። አንድ ተቆጣጣሪ ሄሊኮፕተሮቹንም አውሮፕላኖቹንም ደርቦ ይዞ ነበር። የጄቱ ቲካስ «ትራፊክ» ብሎ አስጠነቀቀ እንጂ «ውጣ» አላለም። መሬት ሲቀርብ ያን ትዕዛዝ እንዳይሰጥ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ እነሱ ደግሞ 300 ጫማ አካባቢ ነበሩ። እዚያ ክፍተት ውስጥ የሚገባ ብልህ ማሽን ቢኖር እኔ እጄን አወጣለሁ።

ከማማው፦ እህቴ፣ ማማው ውስጥም እኮ ማስጠንቀቂያው ጮኋል። ጃፓን፣ ሃኔዳ አየር ማረፊያም ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 ሁለት አውሮፕላኖች ከመጋጨታቸው በፊት ስክሪኑ ማኮብኮቢያው ላይ ሌላ አውሮፕላን እንዳለ አሳይቶ ነበር፤ ተቆጣጣሪው አላስተዋለውም። ተጨማሪ ጩኸት ምን ይሠራልኛል? ማሽኑ አልፎ አልፎ ይናገር፤ ሲናገር ግን የትኛው ከየትኛው ጋር፣ በስንት ሰከንድ፣ ምን ላድርግ የሚለውን ይዞ ይምጣ።

ትልቁ ፍርሃቴ ግን ርክክቡ ላይ ነው። ሺፍት ስንቀያየር የሚወጣው ሰው ወዲያው ቦርሳውን አንጠልጥሎ አይሄድም። ማን ምን ከፍታ ላይ እንዳለ፣ ለማን ምን ቃል እንደተገባለት ይነግርሃል። ከዚያ ፒክቸሩ፣ ማለትም የሰማዩ ጠቅላላ ሁኔታ፣ እስኪገባህ ትንሽ ከጀርባህ ይቆማል። ማሽኑ ግን «ከአቅሜ በላይ ነው፣ ተረከበኝ» የሚልህ ነገር ሲበላሽ ነው። ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት ጄቶች በደቂቃ 16 ኖቲካል ማይል ይቀራረባሉ። በመሃላቸው የምንጠብቀው 5 ማይል 20 ሰከንድ አይሞላም። እጁን አጣጥፎ ስክሪን ሲያይ ያመሸ ሰው በዚያች ጊዜ ምኑን ይይዛል?

ኮደሩ፦ ለዚህ መልስ የለኝም። ስለ ማረጋገጥ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ለሰው አልባ አውሮፕላን የታሰበ ኤካስ ኤክስዩ የሚባል ግጭት መከላከያ አለ። በየሁኔታው ምን ይደረግ የሚለው የውሳኔ ሰንጠረዡ 2 ጊጋባይት ገደማ ነበር። ከመረጃ በሚማር ሶፍትዌር፣ በኒውራል ኔትወርክ፣ ከ3 ሜጋባይት በታች አወረዱት። በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ኔትወርኮቹን በሂሳብ መረመሯቸው፤ «ሌላው አውሮፕላን በዚህ ርቀትና በዚህ አቅጣጫ ከመጣ ይህን ትዕዛዝ መቼም አይሰጥም» እስከማለት። ሚሊዮን ጊዜ ሞክረን ምንም አልሆነም ከማለት ይለያል።

ከማማው፦ ደስ ይላል። ግን እዚያ ማሽኑ የሚመርጠው ከአምስት ትዕዛዝ ነው፤ የሚገባውም ጥቂት ቁጥር። እኔ ጋ ደመና የሚሸሽ አለ፣ ነዳጁ የሚያሳስበው አለ፣ የታመመ ሰው የጫነ አለ፣ ያልገባውን «እሺ» የሚል አብራሪ አለ። ያንን በሂሳብ ስታረጋግጠው ጥራኝ።

ዝምተኛው፦ አንድ ነገር ብቻ። በ2018 እዚሁ ኢትዮጵያ ተቆጣጣሪዎች ደመወዝ ጠይቀው ሥራ ሲያቆሙ የታሰሩም ነበሩ። ይሄ ማሽን የሚመጣው ለደህንነት ነው ወይስ የሚጠይቅ ሰው እንዳይኖር?

ሰርቨር ጠባቂ፦ ተጠያቂውስ? ከኡበርሊንገን በኋላ፣ በግጭቱ ቤተሰቡን ያጣ አባት በ2004 ተቆጣጣሪውን ቤቱ ድረስ ሄዶ ገደለው። በ2007 የስዊስ ፍርድ ቤት የመሥሪያ ቤቱን አራት ኃላፊዎች ጥፋተኛ አለ። ሞዴል ቢሳሳት ማን ይቀርባል?

ኮደሩ፦ የሸጠውና የፈቀደው ይፈርሙ። እስከዚያ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ልቁም፤ ማሽኑ ሐሳብ ያቀርባል፣ ሰው ያጸድቃል።

ከማማው፦ ማጽደቅም ያው ነው እኮ። መቶ ጊዜ ትክክል ሲሆን መቶ አንደኛውን ማን ያነባል? መጀመሪያ ሲሙሌተር ላይ አስቀምጡኝ። የያዝኩት የሰማይ ክፍል፣ ሴክተሩ፣ በአውሮፕላን ሲሞላ ማሽኑን ሳትነግሩኝ አጥፉት። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ አዲሱም፣ ሌሊት የቆመውም ይፈተን። ርቀቱን መጠበቅ ካቃተን ማሽኑ ወድቋል ብላችሁ ጻፉ።