ክርክር በደጋፊዎች ግሩፕ፦ የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ስም ያለው ተጫዋች ይግዛ ወይስ ያለውን ቡድን ይያዝ?

የፒያሳው፦ የዝውውር መስኮት ሲከፈት እዚህ ግሩፕ ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። እገሌ ፈረመ፣ እገሌ ሊፈርም ነው። እስቲ ትንሽ ቆም እንበል። በ2013 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው ቡድናችን በአንድ ክረምት የተገዛ ነበር እንዴ? በ2011 በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ ጊዜ ሊጉን ሁለተኛ ሆነን ጨረስን፣ የኢትዮጵያ ዋንጫንም ወሰድን። አሰልጣኝ ሥዩም ከበደ ሲመጣ አጥቂው ሙጂብም፣ ሱራፌልም፣ ያሬድ ባየህም እዚሁ ነበሩ። ዓመት ዓመት ግማሹን ቡድን አሰናብቶ ግማሹን ማስፈረም ለእኔ ዕቅድ አይደለም።

የቅዳሜ ገበያው፦ ወንድሜ፣ ንግግርህ ያምራል፤ ነጥብ ግን አያመጣም። ንግድ ባንክን እይ። በ2015 ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ካለው ከፍተኛ ሊግ አደገ፣ በ2016 ዋንጫውን በላ። ልጅ አሳድጎ ነው? ኪሱን ፈትቶ ሊጉን የሚያውቁ ተጫዋቾችን ሰብስቦ ነው። ጅማ አባ ጅፋርም በ2010 ባደገ በዓመቱ ሻምፒዮን ሆኗል። አጥቂውን ኦኪኪ አፎላቢን አመጡ፣ ጎሉን አስቆጠረላቸው፣ አለቀ።

የአዘዞዋ፦ ጅማን ባታነሳው ይሻልህ ነበር። በ2014 ወረደ እኮ! ከዋንጫው በኋላ ቡድኑ ተበተነ፣ ከዚያ ቁልቁል ሆነ። ከባንክ ጋር ያደጉትንስ ለምን ዘለልካቸው? ሻሸመኔና ሀምበሪቾ በዓመቱ ተመልሰው ወረዱ።

የቅዳሜ ገበያው፦ እነሱ ብር ስለሌላቸው ነዋ። ያንን እኮ ነው የምልሽ።

የአዘዞዋ፦ እሺ፣ በ2014 ያደጉትን ውሰድ። መድን፣ ኤሌክትሪክና ለገጣፎ። ኤሌክትሪክ ትልቅ ተቋም ከኋላው ያለ ክለብ ነው። ግን ከለገጣፎ ጋር እኩል በዓመቱ ወረደ። መድን ደግሞ በ2015 መጀመሪያ ላይ በጊዮርጊስ 7 ለ 1 ተሸነፈ። እኛ ጋ ቢሆን አሰልጣኙ በማግስቱ ይሰናበት ነበር፤ እዚሁ ግሩፕ ላይ ስንት ፊርማ እንደምናሰባስብ አውቃለሁ። እነሱ ግን አሰልጣኛቸውን ገብረመድህን ኃይሌን ያዙት። ያንኑ ዓመት ሦስተኛ ሆነው ጨረሱ። በ2017 ደግሞ ሻምፒዮን። ብር አላወጡም አልልም። ብሩን ያወጡት ግን አንድ አሰልጣኝ በሚፈልገው ቦታ ላይ ነው።

የባህር ዳሩ፦ ሰላም ጎንደሮች፣ በእንግድነት ልግባ። ያሬድ ባየህን ስለሰጣችሁን እናመሰግናለን። በ2015 ሊጉን ሁለተኛ ሆነን ጨረስን፣ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የታንዛኒያውን አዛምን በመለያ ምት ከውድድር አስወጣን። እንዲህ ነው ዝውውር!

የፒያሳው፦ ቀጥሎ ያስወጣችሁ የቱኒዚያው ክለብ አፍሪካንስ ምን አደረጋችሁ? እሱን አትጨምርም?

የባህር ዳሩ፦ መብራት ሄደብን፣ አላየንም።

የአራዳው ጋሼ፦ ልጆች፣ አንድ ነገር ልበል። በ2008 ፋሲል ሲያድግ እዚሁ ከተማ የነበረው ዳሽን ቢራ ወረደ። ቡድኑ ፈረሰ። ፋብሪካ ከኋላው ነበረ፣ ተጫዋች የመግዛት አቅምም ነበረው። ግን ደጋፊው ለፋሲል ነበር የሚዘፍነው፤ ሲፈርስ አደባባይ ወጥቶ ያለቀሰ አላየሁም። እናንተ ስለ ፊርማ ብቻ ታወራላችሁ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ድሮ በፋሲለደስ ስታዲየም በር ላይ ትኬት ይሸጥ ነበር። ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ከጀመረበት ከ2013 ወዲህ ጨዋታው በተመረጡ ከተሞች ነው። ቡድናችንን በቴሌቪዥን ነው የምናየው። የበር ገቢ የሌለው ክለብ የከተማ አስተዳደሩን እጅ ከማየት ውጪ ምን አማራጭ አለው?

የቅዳሜ ገበያው፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። እኔም የምለው እኮ ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ በተረጋገጠ ተጫዋች ላይ ይዋል ነው። ከከፍተኛ ሊግ አምስት ልጅ ከማምጣት፣ ሊጉን የሚያውቅ ሁለት ሰው።

የፒያሳው፦ የተረጋገጠ የምትለው ደሞዙ ስንት ነው? ፌዴሬሽኑ በ2011 መጨረሻ የ50 ሺህ ብር ጣሪያ አወጣ። ጣሪያው ሥራ ላይ ዋለ ብሎ የሚምልልኝ ካለ እጁን ያውጣ።

የአዘዞዋ፦ እኔ ልጅ ይሁን ስም ያለው አይደለም የሚያሳስበኝ፤ ውሉ ነው። ጎበዝ ተጫዋች ሲገኝ ውሉ እስኪያልቅ ዝም ይባላል። ከዚያ በነጻ ይሄዳል፣ እኛ ደግሞ ባዶ እጃችንን ሌላ ፍለጋ። ስድስት ወር ሲቀረው ቁጭ ብሎ ማደስ ምን ይከብዳል? ሙጂብ ወደ አልጄሪያው ክለብ ካቢሊ ሲሄድ ቦታውን የሚሸፍን ልጅ አስቀድሞ መዘጋጀት ነበረበት።

የአራዳው ጋሼ፦ የኔ ልጅ፣ ይሄን ለቦርዱ ጻፊላቸው።

የቅዳሜ ገበያው፦ ትጻፍ፣ እኔም እፈርማለሁ። ግን ለዘንድሮ የአጥቂውን ዘጠኝ ቁጥር ማን ይለብሰዋል? ስሙን ሳትነግሩኝ ዛሬ አልተኛም።