ኔት ቢጠፋም የሚቀሰቅስ የኢንተርኔት ሬዲዮ አላርም፦ ምን ዓይነት ልግዛ? እንዴትስ ልሙላው?

ማለዳ_ተነሺ

ሰላም ለሁላችሁ። ዋሽንግተን አካባቢ ነኝ። ስልኬን ከመኝታ ክፍል ማስወጣት ስለምፈልግ በዋይፋይ የሚሠራ፣ ሬዲዮ ያለው የአላርም ሰዓት ልገዛ አስቤያለሁ። የምነሣው በፈረንጅ ሰዓት 5:30 ነው፤ የአዲስ አበባ ጣቢያ ቢቀሰቅሰኝ ደስ ይለኛል፤ ሸገር 102.1 ወይም ፋና 98.1። ሌላ ተመሳሳይ ደግሞ አዲስ አበባ ላለው አባቴ መላክ አስቤያለሁ። ከመግዛቴ በፊት ምን ምን ልመልከት? ኔት ከሌለስ ሳልነቃ ልቀር ነው?

ሞገድ_ቆጣሪ

ወንድሜ፣ ስለ ድምፅ ጥራትና ስለ ስክሪን ውበት ከማሰብህ በፊት የመጨረሻውን ጥያቄህን አስቀድመው። ሰዓቱ ሲደርስ ኔት ከሌለ፣ አንዳንዱ ሬዲዮ ትንሽ ሞክሮ ወደ ራሱ ደወል ይዞራል፤ አንዳንዱ ግን «በመገናኘት ላይ» እያለ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ይህን ማስታወቂያው ላይ አታገኘውም። ስለዚህ ሱቁ የሰጠህ የመመለሻ ጊዜ ሳያልፍ ራስህ ፈትነው። አላርሙን ከ5 ደቂቃ በኋላ እንዲጮህ ሙላ፤ ሬዲዮውን በማጥፊያው አጥፋ (ከሶኬት አትንቀለው)፤ ከዚያ ራውተሩን ንቀል። ሰዓቱ አልፎ ሁለት ደቂቃ ድረስ ካልጮኸ መልሰው። ለሌላ ነገር ጥሩ ሬዲዮ ሊሆን ይችላል፤ ለአላርም ግን አይሆንም።

ለምን እንደሚሰናከል ማወቅ ይጠቅማል። ሬዲዮው ተዘግቶ ሲያድር ብዙውን ጊዜ ዋይፋዩንም ያጠፋል። ሰዓቱ ሲደርስ መጀመሪያ ከራውተሩ ጋር ይገናኛል። ቀጥሎ የጣቢያዎችን ማውጫ ወደያዘው ድርጅት ሰርቨር ሄዶ የጣቢያውን ሊንክ (ድምፁ የሚመጣበትን የኢንተርኔት አድራሻ) ይጠይቃል። ከዚያም ጥቂት ሰከንድ ድምፅ አጠራቅሞ ይከፍታል። ከነዚህ አንዱ ከተበጠሰ ድምፅ የለም። ብዙ ሰው የማያውቀው ሁለተኛውን ነው፦ በሬዲዮው የማስታወሻ ቁጥር 1 ላይ ያስቀመጥከው ጣቢያ በብዙ ሬዲዮኖች ውስጥ ሊንኩ ራሱ አይደለም፤ በማውጫው ውስጥ ያለው መለያ ነው። ማውጫው ከተዘጋ ጣቢያው እያለም ሬዲዮህ አያገኘውም።

ይህ ደግሞ በተግባር የታየ ነገር ነው። ሬሲቫ የተባለው ማውጫ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲዘጋ በእሱ ላይ የተንጠለጠሉ የብዙ ኩባንያዎች ሬዲዮኖች ጣቢያ ማግኘት አቆሙ። ስኩዊዝቦክስ የተባሉት የሎጂቴክ ኢንተርኔት ሬዲዮኖች አገልግሎት በ2024 ተዘጋ፤ እነዚያ ሬዲዮኖች ግን ቤት ባለ ኮምፒውተር ላይ ነፃ ሰርቨር ከተጫነላቸው አሁንም ይሠራሉ። ቢቢሲም በ2023 የድሮውን የማሰራጫ ዘዴ ሲተው አዲሱን የማይችሉ ሬዲዮኖች ጣቢያዎቹን አጡ። ርካሽ ነው ተብሎ አሮጌ ሞዴል የሚገዛ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ሊንክ በራስህ እንድታስገባ የሚፈቅድ፣ ኤፍኤም ያለው፣ ከሬዲዮው የተለየ ደወል ያለው፣ ቢያንስ ሁለት አላርም የሚይዝ ፈልግ። ኤምፒ3 እና ኤኤሲ የሚባሉትን የድምፅ ዓይነቶች ሁለቱንም ማጫወት አለበት። ዳብ ለሚባለው ዲጂታል ሬዲዮ ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈል፤ እሱ በዋናነት ለአውሮፓ ነው፤ አሜሪካም አዲስ አበባም አይጠቅምህም።

አንቴና

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። እኔ ስለ አሞላሉ ልጨምር፤ ስህተቱ የሚበዛው እዚያ ነው።

መጀመሪያ ዋይፋዩ። ብዙዎቹ የአልጋ ዳር ሬዲዮኖች የሚያውቁት 2.4 ጊጋኸርዝን ብቻ ነው። ራውተርህ 2.4 እና 5ን በአንድ ስም የሚያሰራጭ ከሆነና ሬዲዮው እየተገናኘ የሚቋረጥ ከሆነ ለ2.4 የተለየ ስም ስጠው። ራውተሩ ደብሊውፒኤ3 (WPA3) በሚባለው አዲሱ የዋይፋይ ጥበቃ ብቻ ላይ ከተዘጋ ብዙ ሬዲዮ አይገባም፤ 2 እና 3ን አንድ ላይ የሚፈቅደውን ምረጥ። የይለፍ ቃሉን በሚሽከረከር ቁልፍ ፊደል በፊደል መሙላት አሰልቺ ነው። ራውተሩ ያለ ይለፍ ቃል በቁልፍ የሚያገናኘው ደብሊውፒኤስ (WPS) ካለው በሬዲዮው ሜኑ ያንን ምረጥና በ2 ደቂቃ ውስጥ የራውተሩን ቁልፍ ተጫን።

ቀጥሎ ሰዓቱ። «ሰዓት ከኔትወርክ ይስተካከል» የሚለውን ምረጥ። ከኤፍኤም የሚለውን ተወው፤ ጣቢያው የተሳሳተ ሰዓት ከላከ ያንተም ይሳሳታል። ከዚያ የሰዓት ቀጠናውን ሙላ። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፦ በብዙ ሬዲዮኖች የበጋ ሰዓት ለውጥ (አሜሪካ ከማርች እስከ ኖቬምበር ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደፊት የምትገፋው) በራሱ አይመጣም፤ በእጅ የሚበራና የሚጠፋ ነው። በፈረንጁ ማርች ሁለተኛ እሑድ ሳታበራው ከቀረህ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደኋላ ይቀራል፤ የ5:30 አላርምህ የሚጮኸው 6:30 ላይ ይሆናል። ኖቬምበር ላይ ደግሞ ሳታጠፋው ከቀረህ 4:30 ላይ ይቀሰቅስሃል።

አላርሙ ላይ የሚሞሉት፦ በየቀኑ ወይስ በሥራ ቀን፣ ሰዓቱ፣ ምንጩ (ኢንተርኔት፣ ኤፍኤም ወይም ደወል)፣ የትኛው ቁጥር ላይ ያለ ጣቢያ፣ ድምፁ። ምንጩን ኢንተርኔት ብለህ «መጨረሻ የተደመጠው» በሚለው አትተወው፤ ማታ የከፈትከው ጣቢያ ሌሊቱን ቢዘጋ ጠዋት ዝምታ ነው። ቁጥር ስጠው። የአላርሙ ድምፅ ከመደበኛው ድምፅ የተለየ ነው፤ እስከ 20 የሚቆጥር ከሆነ 8 ወይም 9 ላይ ጀምር። ሲጨርሱ «አስቀምጥ» የሚለውን ካልተጫኑ የሞሉት ሁሉ ይጠፋል። «አላርሙ አልሠራም» ከሚሉት ብዙዎቹ ይህችን የረሱ ናቸው።

ሁለተኛውን አላርም 5:35 ላይ በደወል ሙላ። የመጀመሪያው ከቀሰቀሰህ ታጠፋዋለህ፤ ካልቀሰቀሰህ ታድንሃለች።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል። አንተ ጋ ጠዋት 5:30 ሲሆን አዲስ አበባ በእኛ አቆጣጠር ከማርች እስከ ኖቬምበር ከቀኑ 6፡30፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች ደግሞ 7፡30 ነው። የአዲስ አበባን የማለዳ ፕሮግራም በቀጥታ መስማት አትችልም፤ ያ የሚተላለፈው እናንተ ጋ እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። የምትነቃው በምሳ ሰዓት ዝግጅት ነው። ጣቢያህን ከመምረጥህ በፊት በዚያ ሰዓት ምን እንደሚያስተላልፍ አዳምጥ።

ማለዳ_ተነሺ

በጣም አመሰግናለሁ። የሰዓቱ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ አላሰብኩትም ነበር። አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፦ አንዳንድ የአማርኛ ጣቢያ በማውጫው ሲፈለግ ይታያል፤ ሲከፈት ግን አይሠራም። በድረ ገጹ ላይ ግን ይሰማል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ሞገድ_ቆጣሪ

ማውጫው የያዘው ሊንክ አሮጌ ነው። የእኛ ጣቢያዎች የማሰራጫ ድርጅት ሲቀይሩ ሊንኩ ይለወጣል፤ ለማውጫው የሚነግረው ሰው ከሌለ አሮጌው እዚያው ይቀራል። መፍትሔው አዲሱን ሊንክ አግኝቶ ራስህ ማስገባት ነው።

በኮምፒውተር የጣቢያውን ድረ ገጽ ክፈት፤ ኤፍ12ን ተጫንና «ኔትወርክ» የሚለውን ክፍል ምረጥ፤ ከዚያ ማጫወቻውን አስነሣ። ሳያቋርጥ እየወረደ የሚቀጥለው መስመር ሊንኩ ነው። ገልብጠህ ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ውስጥ ክፈተው። እዚያ ከሠራ አድራሻው ትክክል ነው ማለት ነው፤ ሬዲዮህ ላይ መሥራቱ ግን ገና አልተረጋገጠም። በኤም3ዩ8 (m3u8) የሚያልቅ ከሆነ ድምፁ በትንንሽ ቁራጭ የሚላክ ነው፤ ይህን ብዙ አሮጌ ሬዲዮ አይችልም። በኤችቲቲፒኤስ (https) የሚጀምረውን የማይከፍቱም አሉ፤ «ኤስ» ፊደሏን አጥፍተህ ሞክር፤ አንዳንዴ ይሠራል። በፒኤልኤስ (pls) ወይም በኤም3ዩ (m3u) የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ እሱ ራሱ ድምፅ አይደለም፤ በጽሑፍ ማረሚያ ክፈተው፤ እውነተኛው ሊንክ ውስጡ ተጽፏል።

ሊንኩን የምታስገባው እንደ ሬዲዮው በአምራቹ ድረ ገጽ ወይም በስልክ መተግበሪያው ነው። ለጣቢያው የምትሰጠውን ስም በላቲን ፊደል ጻፍ። ብዙ ሬዲዮ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው «ሸገር» ብለህ ብትጽፍ ስክሪኑ ላይ ባዶ ሣጥን ይደረደራል። የዋይፋይህ ስም በአማርኛ ከሆነም እንዲሁ ነው።

የቦሌ_ቴክኒሻን

ለአባትህ ስለምትልከው እኔ ልበል፤ ከአሜሪካ የሚመጣ ሬዲዮ እዚህ የራሱ ጣጣ አለው።

ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን አንብብ። «100–240 ቮልት» ካለ መሰኪያውን የሚቀይር ርካሽ አዳፕተር ይበቃል። 120 ብቻ ካለ የኛ 220 ያቃጥለዋል። ከሁሉ የሚሻለው በ5 ቮልት በዩኤስቢ የሚሠራ ነው፤ ቻርጀሩ ቢበላሽ የትም ሱቅ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ የአሜሪካ ሞዴሎች የዋይፋይ ቻናል 12 እና 13ን አያዩም። እዚህ ራውተሩ ቻናሉን ራሱ እንዲመርጥ ከተተወ ወደዚያ ሊሄድ ይችላል፤ ያኔ ስልክ ሁሉ ዋይፋዩን ያያል፣ ሬዲዮው ብቻ «የለም» ይላል። ሰው ሬዲዮው ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። ራውተሩ ላይ ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 ላይ አስረው።

ሦስተኛ መብራት። ብዙ ኢንተርኔት ሬዲዮ የውስጥ ባትሪ ስለሌለው መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን ይረሳል። ሲመለስ ከኢንተርኔት ይወስዳል፤ ነገር ግን ራውተሩ ለመነሣት ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈልጋል፤ በዚያ መካከል የአላርሙ ሰዓት ከደረሰ ያልፋል። በመብራትም በባትሪም የሚሠራ ካገኘህ እሱን ላክ። ካልሆነ ለራውተሩ ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ትንሽ ባትሪ) ይገዛ። ራውተሩ 12 ቮልት ከሆነ የዩፒኤሱ መውጫ 12 ቮልት መሆኑን፣ የመሰኪያው ውስጥና ውጭ ፖላሪቲ (የትኛው ፕላስ፣ የትኛው ማይነስ እንደሆነ) መግጠሙን ተለጣፊው ላይ አመሳክሩ። ሬዲዮውን በፓወር ባንክ ማሠራትም ይቻላል። የ10,000 ሚሊአምፕ-ሰዓት ፓወር ባንክ 37 ዋት-ሰዓት ነው፤ ብክነቱ ሲቀነስ 25 ያህል ይቀራል። 2 ዋት ለሚበላ ሬዲዮ 12 ሰዓት ነው። ግን ብዙ ፓወር ባንክ መብራት ሲሄድ ለቅጽበት ያቋርጣል፤ ሬዲዮው ጠፍቶ ይነሣል። ሶኬቱን ነቅለህ ሰክተህ ሞክረው፤ ስክሪኑ ብልጭ ካለ ለዚህ አይሆንም።

የአባትህን አላርም ምንጭ ኤፍኤም አድርገው። ሸገርም ፋናም አዲስ አበባ ላይ በአየር ጥርት ብለው ይገባሉ፤ ኔት አያስፈልግም። ኢንተርኔቱን ቀን ላይ የውጭ ጣቢያ ለመስማት ይጠቀምበት።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ፦ ቀጠናው ዩቲሲ+3፣ የበጋ ሰዓት ምንጊዜም የጠፋ ይሁን። ስክሪኑን በ24 ሰዓት አቆጣጠር አድርገው። አባትህ «12 ሰዓት ተኩል ሙላልኝ» ሲሉ 06:30 ነው፤ 12:30 ከተሞላ የሚጮኸው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቀጠናውን በ6 ሰዓት አዛብቶ የኛን አቆጣጠር ለማሳየት የሚሞክሩ አሉ። ሰዓቱ ትክክል ይመስላል፤ ቀኑ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይለወጣል፤ «በሥራ ቀን ብቻ» የሚለው አላርም ይምታታል። ይልቅ ሬዲዮው ላይ «06:30 = 12፡30» ብለህ ወረቀት ለጥፍለት።

አንቴና

ዳታ በጥቅል ለሚገዛ ሰው ልጨምር፦ በ128 ኪሎቢት የሚተላለፍ ጣቢያ በሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ በ64 ግማሹን። በየጠዋቱ ግማሽ ሰዓት በ128 ከተደመጠ በወር 860 ሜጋባይት አካባቢ ነው። አላርሙን ሳያጠፉ ከቤት መውጣት ነው ጥቅሉን የሚጨርሰው፤ ብዙዎቹ በራሳቸው የሚዘጉት ከአንድ ሰዓት በኋላ ነውና ሜኑው ውስጥ ማሳጠር ከቻልክ 30 ደቂቃ አድርገው።