የታክስ ማበረታቻ ለአገር ውስጥ ፊልም፦ ከትርፍ ግብር ነፃ መሆን ወይስ ወጪን ማስመለስ?

የጉለሌ ፕሮዲዩሰር (ጥያቄ)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

እስካሁን ሦስት ፊልሞችንና አንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሠርቻለሁ። በአሁኑ ወቅት ከጥቂት የሙያ ባልደረቦቼ ጋር ሆነን መንግሥት ለአገር ውስጥ ፊልም የታክስ ማበረታቻ እንዲሰጥ የሚጠይቅ ጽሑፍ በማዘጋጀት ላይ ነን። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. የፊልም ፖሊሲ ያጸደቀ በመሆኑ ዘርፉን የመደገፍ ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ በእኔ እምነት የጎደለው፣ ገንዘቡ በየትኛው በር ገብቶ ካሜራው ዘንድ እንደሚደርስ በዝርዝር የሚያሳይ ሰነድ ነው።

በመካከላችን የተፈጠረው የሐሳብ ልዩነት እንዲህ ነው። አብዛኞቹ ባልደረቦቼ «ለአምስት ዓመት ከትርፍ ግብር ነፃ እንሁን» ብለን እንድንጠይቅ ይፈልጋሉ። እኔን ግን ይህ አልተዋጠልኝም። ለመጨረሻው ፊልሜ ካሜራና መብራት የተከራየሁት መኪናዬን ሸጬ ነው፤ ፊልሙም ወጪውን እንኳ ሳይመልስ ከሲኒማ ቤት ወረደ። ትርፍ ሳላገኝ ከትርፍ ግብር ነፃ ነህ ብባል ምን ይጠቅመኛል?

ስለዚህ ሌሎች አገሮች ታክስን ለፊልምና ለቴሌቪዥን ሥራ የተጠቀሙበትን መንገድ በቅርብ የምታውቁ ሁሉ ሁለት ነገር እንድታስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ማበረታቻው ጥሬ ገንዘብ ሆኖ ፕሮዲዩሰሩ እጅ የሚገባው መቼ ነው? ፊልሙ አትራፊ ባይሆንስ ማበረታቻው ዋጋ ይኖረዋል ወይ?

ከአትላንታ

ጤና ይስጥልኝ። በአሜሪካ፣ በጆርጂያ ግዛት በፊልምና በተከታታይ ድራማ ሥራዎች የሒሳብ ክፍል ውስጥ ለሰባት ዓመት ያህል ሠርቻለሁ፤ ወደ ሙያው የገባሁት በሾፌርነት ነበር። ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። የዚህ ግዛት ማበረታቻ ብዙ ሥራ የሳበው በመቶኛው ብቻ ሳይሆን፣ በትርፍ ላይ ሳይሆን በወጪ ላይ ስለሚሰላና ለሌላ ሰው ሊሸጥ ስለሚችል ነው።

ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን በ2008 ተሻሽሎ ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያዘ። በግዛቱ ውስጥ ቢያንስ 500 ሺህ ዶላር ያወጣ ሥራ፣ ተቀባይነት ካገኘው ወጪ ላይ የ20 በመቶ የታክስ ክሬዲት፣ ማለትም ከሚከፈል ግብር ላይ በቀጥታ የሚቀነስ መብት፣ ያገኛል፤ የግዛቱን የኮክ ፍሬ አርማ በሥራው ላይ ካሳየ ደግሞ 10 በመቶ ይጨመርለታል። ከካሊፎርኒያ የመጣ ኩባንያ አብዛኛውን ጊዜ በጆርጂያ የሚከፍለው ግብር ስለሌለ ክሬዲቱን ራሱ ሊጠቀምበት አይችልም። ስለዚህ እዚህ ግብር ላለበት ሌላ ድርጅት ወይም ግለሰብ፣ ከተጻፈበት ዋጋ ጥቂት ቀንሶ ይሸጥለታል። ገዢው የቅናሹን ልዩነት ያተርፋል፤ ሻጩ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ይይዛል። ፊልሙ ቢከስርም ክሬዲቱ ክሬዲት ነው፤ ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሱ ይህ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄዎ ግን ከበድ ይላል። ክሬዲቱ የሚገኘው ሥራው ተጠናቆ፣ ሒሳቡ ተመርምሮ ከጸደቀ በኋላ ስለሆነ ለቀረጻው ቀን አይደርስም። ፕሮዲዩሰሮች ይህን የሚሻገሩት ወደፊት የሚያገኙትን ክሬዲት መያዣ አድርገው በመበደር ነው። አበዳሪው ገንዘቡን የሚሰጠው ግዛቱ ቃሉን እንደማያጥፍ ስለሚተማመን ነው። ይህ መተማመን ሲላላ ምን እንደሚከተል በአህጉራችን አይተናል፦ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ የደቡብ አፍሪካ የፊልም ባለሙያዎች መንግሥት ቃል የገባላቸው ተመላሽ ክፍያ በመዘግየቱ አደባባይ ወጥተው ነበር። በሕግ የተጻፈ መቶኛ በሰዓቱ ካልተከፈለ ለአበዳሪ መያዣ ሊሆን አይችልም።

የምርመራውን ጥብቅነት ለመረዳት አንድ ትንሽ ምሳሌ ልንገርዎ። አንድ ጊዜ የዲኮር ሠራተኞቻችን ለግድግዳ ሥራ የሚሆን ምስማርና ቀለም በሁለት መንገድ ገዝተው መጡ፤ ግማሹን ከሠፈሩ የግንባታ ዕቃ መደብር፣ ግማሹን በኢንተርኔት ከሌላ ግዛት አዘው። ዕቃው አንድ ዓይነት፣ ዋጋውም ተቀራራቢ ነበር፤ ሆኖም የእኔ ሥራ ሁለቱን ደረሰኞች ለያይቶ ለየብቻ መመዝገብ ሆነ። የመጀመሪያው የጆርጂያ ወጪ ሆኖ ይቆጠራል፣ ሁለተኛው አይቆጠርም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ማሻሻያ የሒሳብ ምርመራን ግዴታ ካደረገ ወዲህ ደግሞ አንዲት ደረሰኝ መጥፋቷ ገንዘብ የመጥፋት ያህል ሆናለች።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፤ ይህን አሠራር እንዳለ አትቅዱት። ዓላማው የውጭ ሥራ መሳብ እንጂ የጆርጂያን ልጆች ታሪክ ማስነገር አይደለም። እዚሁ አትላንታ ዙሪያ በአማርኛ ድራማ የሚሠራ ወገናችን ሳሎኑን ሎኬሽን አድርጎ፣ ጓደኞቹን ተዋናይ አድርጎ ነው የሚቀርጸው፤ 500 ሺህ ዶላር የሚለው ወለል እርሱን ከበር ይመልሰዋል።

ከሜልቦርን

ከአትላንታ የጻፉት ወንድማችን ወይም እኅታችን ያነሱት የዓላማ ጉዳይ ዋናው ነገር ይመስለኛል። የአገር ውስጥን ሥራ ብቻ ያለሙ ሁለት አሠራሮች አሉ፤ አንዱ ለማስጠንቀቂያ፣ ሌላው ለትምህርት ይሆናሉ።

ማስጠንቀቂያው የምኖርበት አገር ታሪክ ነው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1981 በገቢ ግብር ሕጓ ውስጥ 10ቢኤ ተብሎ የሚታወቀውን ክፍል አስገባች። በአውስትራሊያ ፊልም ላይ ገንዘቡን ያዋለ ሰው ያዋለውን 150 በመቶ ከሚታሰብበት ገቢ ላይ እንዲቀንስ ተፈቀደለት። በዚያ ጊዜ ከፍተኛው የግለሰብ ግብር 60 በመቶ ስለነበር፣ በዚያ እርከን ላይ ላለ ሐኪም ወይም ጠበቃ ካወጣው 100 ዶላር 90ው በግብር ቅናሽ ይመለስለታል ማለት ነው። ለአደጋ የተጋለጠው አሥር ዶላር ብቻ ከሆነ፣ ስክሪፕቱን አንብቦ «ይህ ፊልም ተመልካች ያገኛል ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ ምን ያስቸኩለዋል? ገንዘቡ ደግሞ በበጀት ዓመቱ መዝጊያ፣ በሰኔ ወር መጨረሻ አካባቢ ስለሚጎርፍ፣ ሁሉም በአንድ ወቅት ለቀረጻ ይወጣና የካሜራና የድምፅ ባለሙያ ዋጋ ይንራል። አንዳንድ መልካም ፊልሞች ተሠርተዋል፤ ተመልካች ፊት ሳይደርሱ የቀሩም ብዙ ናቸው። መንግሥት ቅናሹን ደረጃ በደረጃ ወደ 133፣ ወደ 120፣ በመጨረሻም ወደ 100 በመቶ አወረደው፤ እ.ኤ.አ. በ1988ም በቀጥታ በፊልም ላይ ገንዘብ የሚያውል የራሱን ተቋም አቋቋመ።

ለትምህርት የምመርጠው ኮሎምቢያን ነው። ይህች አገር እ.ኤ.አ. በ2003 ሕግ ቁጥር 814ን ስታወጣ በዓመት የምትሠራቸው ፊልሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሕጉ ሁለት እጆች አሉት። በአንደኛው፣ ሲኒማ ቤቶችና የውጭ ፊልም አከፋፋዮች ከተጣራ ገቢያቸው 8.5 በመቶ፣ ፕሮዲዩሰሮች ደግሞ 5 በመቶ ለፊልም ልማት ፈንድ ያዋጣሉ፤ ከፈንዱም ቢያንስ 70 በመቶው ለአገር ውስጥ ፊልም ሥራ መዋል አለበት። በሁለተኛው፣ በጸደቀ የኮሎምቢያ ፊልም ላይ ገንዘብ ያዋለ ወይም የለገሰ ግብር ከፋይ፣ ያዋለውን መጀመሪያ 125 በመቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ2012ቱ ማሻሻያ በኋላ ደግሞ 165 በመቶ ግብር ከሚታሰብበት ገቢው ላይ ይቀንሳል። ፊልሙ አስቀድሞ ሊጸድቅ ይገባል፤ ገንዘቡም ቀረጻው ሳይጀመር ይመጣል። የጉለሌው ወዳጃችን ከጠየቁት ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ይህ ቅደም ተከተል ነው። ዛሬ ኮሎምቢያ በዓመት በደርዘኖች የሚቆጠሩ ፊልሞችን ታወጣለች።

አንድ ግብር ከፋይ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሐሳቡን ከሌላ ወገን ልየው። መንግሥት ለፊልም የሚተወው እያንዳንዱ ብር ከትምህርት ቤት ወይም ከጤና ጣቢያ የሚቀነስ ነው። የአሜሪካዋ ሚቺጋን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2008 እስከ 42 በመቶ የሚደርስ ማበረታቻ ሰጥታ በ2015 አቋርጣዋለች፤ በጆርጂያም የግዛቱ ኦዲተሮች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ሪፖርት የማበረታቻው ጥቅም ተጋንኖ ሲነገር እንደነበር አሳይተዋል። የምታቀርቡት ጽሑፍ ግብር ከፋዩ ምን እንደሚያጣ በቁጥር ካላሳየ፣ እንደ እኔ ያለው ሰው ይቃወመዋል።

ሒሳብ አዋቂ፣ አዲስ አበባ

ከላይ የቀረበው ተቃውሞ ተገቢ ስለሆነ በቁጥር ልመልስ፤ የኮሎምቢያንም አሠራር በእኛ መጣኔ ላስላው።

በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ድርጅት የሚከፍለው የንግድ ትርፍ ግብር 30 በመቶ ነው። ዛሬ አንድ ባንክ ለፊልም አንድ ሚሊዮን ብር ስፖንሰር አድርጎ በማስታወቂያ ወጪነት ቢይዘው፣ ግብሩ በ300 ሺህ ብር ይቀንስለታል፤ ከኪሱ የወጣው 700 ሺህ ነው። የ165 በመቶ ተቀናሽ ቢፈቀድለት ደግሞ 1 ሚሊዮን 650 ሺህ ብር ተቀንሶለት ግብሩ በ495 ሺህ ይወርዳል፤ ከኪሱ የሚወጣው 505 ሺህ ይሆናል። ስለዚህ መንግሥት ከዛሬው በተጨማሪ የሚተወው በእያንዳንዱ ሚሊዮን 195 ሺህ ብር ነው። ባለሀብቱ ከግማሽ በላይ ራሱ ስለሚሸከም፣ እንደ አውስትራሊያው ሐኪም ዓይኑን ጨፍኖ አይፈርምም። በዓመት የሚጸድቀው ጠቅላላ መጠን ላይ ጣሪያ ከተደረገበት፣ ግብር ከፋዩ የሚያጣው ገንዘብ አስቀድሞ ይታወቃል። እኔ የምደግፈው ይህን ነው፤ ከትርፍ ግብር ነፃ የመሆኑን ጥያቄ ግን ከጽሑፋችሁ ብታወጡት ይሻላል፤ ሌላ አትራፊ ሥራ ያለው ሰው ትርፉን በፊልም ስም እንዲያሳልፍ በር ይከፍታልና።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ፕሮዲዩሰር የፊልሙን ሒሳብ እንድዘጋለት ይዞልኝ የመጣው ባለ መስመር ደብተር ነበር። «የቤት ኪራይ ለእማማ 15,000፣ ምሳ ለ34 ሰው፣ ጄኔሬተር፣ አናጢ፣ ኤክስትራ 20 ሰው» ይላል፤ ከጎኑ ፊርማ፣ አንዳንዱ ላይ የአውራ ጣት አሻራ። ገንዘቡ በትክክል እንደወጣ አልተጠራጠርኩም፤ ደብተሩ በወጥና በዝናብ የራሰ፣ እውነተኛ የቀረጻ ደብተር ነው። ሆኖም ከሦስት ብሩ ሁለቱ ደረሰኝ አልነበረውም። በወጪ ላይ የሚሰላ ማበረታቻ ነገ ቢታወጅ ይህ ሰው ሊያስመዘግብ የሚችለው ሲሶውን ብቻ ነው፤ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ደግሞ ደረሰኝ የሚቆርጡ ድርጅቶች ያሉት ትልቅ ኩባንያ ይሆናል። ደረሰኝ ከሌላቸው ሻጮች ለሚደረግ ግዢ የሚያገለግል የግዢ ማረጋገጫ ቫውቸር በሥራ ላይ እንዳለ ይታወቃል። ቤቷን ለሁለት ቀን የምታከራይ እናትና በቀን አበል የሚሠራ አጃቢ ተዋናይ በምን ሰነድ እንደሚከፈላቸው፣ ማበረታቻው ከመጠየቁ በፊት ከግብር ባለሥልጣኑ ጋር ልትስማሙበት ይገባል።

የጉለሌ ፕሮዲዩሰር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የ195 ሺህ ብሩን ስሌት ትናንት ማታ ለባልደረቦቼ አነበብኩላቸው፤ ከመካከላችን ከትርፍ ግብር ነፃ የመሆኑን ሐሳብ አጥብቆ ይዞ የነበረው ጓደኛችን እንኳ ረቂቁ እንዲቀየር ተስማምቷል። ከኮሎምቢያው አሠራር የመዋጮ ፈንዱን ለጊዜው ትተን፣ የባለሀብቱን ተቀናሽ ወጪና ቅድመ ማጽደቁን ብቻ እንወስዳለን፤ ሲኒማ ቤቶቻችን ራሳቸው በጭንቅ ላይ ስለሆኑ በእነርሱ ላይ ተጨማሪ መዋጮ መጣል አልፈለግንም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ለሒሳብ አዋቂው። የተከታታይ ድራማውን የአሥራ ሁለት ክፍል ደብተር አስቀምጬዋለሁ። እያንዳንዱን ወጪ ደረሰኝ ያለው፣ በቫውቸር ሊያዝ የሚችልና ምንም ሰነድ የማይገኝለት ብለን ብንለየው፣ ከጽሑፋችን ጋር በአባሪነት ልናያይዘው እንችላለን ብለው ያምናሉ?

ሒሳብ አዋቂ፣ አዲስ አበባ

እንችላለን፤ ከዚህ የተሻለ ማስረጃም አላውቅም። የሰዎቹን ስም ሸፍነው የክፍያውን ዓይነት፣ ቀኑንና መጠኑን ብቻ ይተዉ። ጄኔሬተሩንና የመኪና ኪራዩን ለብቻ ይያዙልኝ፤ ብዙውን ጊዜ ባለንብረቶቹ ንግድ ፈቃድ ስላላቸው፣ አስቀድሞ ከተነገራቸው ደረሰኝ ሊሰጡ ይችላሉ።