ለጂአር86 ቀላል ቸርኬ፦ የቱን ልግዛ? የት ላስገጥም?

ሰሞኑን ሁለት ልጆች ደወሉልኝ። አንዱ ከአሌክሳንድሪያ፣ ሌላው ከሲልቨር ስፕሪንግ፤ ሁለቱም እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ናቸው። ሁለቱም ቶዮታ ጂአር86 ገዝተዋል፤ ሁለቱም ቀለል ያለ ቸርኬ ይፈልጋሉ። እኔ ይህቺን መኪና ሦስት ዓመት ነድቻታለሁ። ዌስት ቨርጂኒያ ያለው የሰሚት ፖይንት መወዳደሪያ ሜዳ ላይም ወስጃታለሁ። በስልክ የነገርኳቸውን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው፣ ለሌላውም ይጠቅማል። ሱባሩ ቢአርዜድ ያላችሁም አንብቡት፤ መንትያ መኪኖች ናቸው።

ከሁሉ በፊት መጠኑ። የእኔ ጥቆማ 17 ኢንች ነው። ፕሪሚየም የሚባለው ከፍ ያለው ዓይነት ከፋብሪካ በ18 ኢንች ቸርኬ፣ በ215/40 ጎማ ይመጣል (215 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፣ 40 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ)። ለዓይን ያምራል። ግን ከመንገዱ እስከ ቸርኬው ጠርዝ ያለው ጎማ 86 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። 17 ላይ 225/45 ስታስገቡ 101 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 15 ሚሊ ሜትር ምን ለውጥ ያመጣል እንዳትሉ። ክረምቱ አልፎ በረዶው ሲቀልጥ የዲሲ መንገድ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ጉድጓድ ውስጥ ዘው ስትሉ ቸርኬውን የሚያድነው ያ 15 ሚሊ ሜትር ነው። የጎማው አጠቃላይ ቁመትም ከፋብሪካው ጋር በአምስት ሚሊ ሜትር ነው የሚለያየው፤ የፍጥነት ቆጣሪው እምብዛም አይዛባም።

ቅለት ለምን ይጠቅማል? ቸርኬ ከሞላው በታች ያለ ክብደት ነው። መንገዱ ወደ ላይ ሲወረውረው መልሶ መሬት የሚያስይዘው አሞርዛተሩ ነው። ከባድ ከሆነ አሞርዛተሩ ይለፋል፣ ጎማው ለቅጽበት ከአስፋልቱ ይነሳል። ሌላው ደግሞ ቸርኬ ይሽከረከራል። ስትነሱ ማስነሳት፣ ስትቆሙ ማቆም አለባችሁ። ክብደቱ ጠርዙ ላይ ሲሆን ደግሞ መሃል ላይ ካለው ይልቅ ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ "ስንት ኪሎ ነው?" ብቻ ሳይሆን "ኪሎው የት ነው ያለው?" ብላችሁ ጠይቁ።

እኔ የመዘንኩት በሻንጣ ሚዛን ነው። ያቺ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ 23 ኪሎውን የምናረጋግጥባት፣ ማንጠልጠያ ያላት ሚዛን። ጋራዡ ውስጥ በገመድ አስሬ አነሳሁት። የፋብሪካው 18 ኢንች ከነጎማው 18.6 ኪሎ አለኝ። አዲሱ 17 ኢንች ከነጎማው 17 ኪሎ። ቸርኬውን ለብቻው ሳወዳድር ልዩነቱ ከዚህ ይበልጥ ነበር። ሰፋ ያለው ጎማ ግን የተወሰነውን መልሶ በላው። ይህን ብዙ ሰው አያስተውልም። ለቸርኬ ብዙ ከፍላችሁ ከባድ ጎማ ብታጠልቁበት ገንዘቡ አብሮ ይሄዳል። ጎማ ስትመርጡም ክብደቱን እዩ፤ ሻጮች ይጽፉታል።

ወደ ምርቶቹ ልምጣ። ቁንጮው ሬይስ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ የሚሠራው ቮልክ ሬሲንግ ቲኢ37 ነው። ፎርጅድ ነው፣ ማለትም አሉሚኒየሙ በከባድ ግፊት ተቀጥቅጦ የተሠራ። ስሙ ላይ ያለው 37 ከክብደቱ የመጣ ነው፤ በ1996 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 15 በ6 ኢንቹ 3.7 ኪሎ ይመዝን ነበር። በደንብ የተሠራ ፎርጅድ ሲመታ ከመሰንጠቅ ይልቅ መጣመም ይቀናዋል። አቅም ካለ ምንም አይወጣለትም። ግን በአንዱ ቲኢ37 ዋጋ ኤንኬ የሚባለው ሌላው የጃፓን ኩባንያ የሚያወጣው አርፒኤፍ1 ሁለት ይገዛል።

እኔ የያዝኩት አርፒኤፍ1ን ነው፤ ዛሬም ብገዛ እሱኑ ነው። 17 በ9 ኢንቹ (9ኙ ስፋቱ ነው) 7.2 ኪሎ ገደማ ነው። መጀመሪያ አሉሚኒየሙ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ይፈሳል፣ ከዚያ ዙሪያው በሙቀትና በግፊት እየተጠቀለለ ይሳሳል። በዚህ አሠራር ብረቱ ስስ ሆኖ ጥንካሬውን ይይዛል። የኮኒግ ሃይፐርግራምም በተመሳሳይ መንገድ፣ ፍሎው ፎርምድ በሚባለው፣ የተሠራ ነው፤ ዋጋውም ቀለል ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቸርኬ የሚቀይር ልጅ ኮኒግ ገዝቶ የተረፈውን ጥሩ ጎማ ላይ ቢያውለው ደስ ይለኛል።

የማልመክረው መልኩ ብቻ የተቀዳውን ነው። አንድ ወዳጄ ቲኢ37 የሚመስል በርካሽ ገዝቶ ነበር። በአንድ ክረምት ሁለቱ ተጣመሙ፣ አንዱ ውስጡ ተሰነጠቀ። ከቸርኬው ላይ ጄደብልዩኤል እና ቪአይኤ የሚሉትን ምልክቶች ፈልጉ። የመጀመሪያው አምራቹ ራሱ የጃፓንን መስፈርት አሟልቻለሁ የሚልበት ነው። ሁለተኛው ግን ገለልተኛ ምርመራ ያለፈ ነው። ምልክቱንም አስመስለው የሚያትሙ ስላሉ፣ ሕጋዊ ወኪል ከሆነ ሻጭ ግዙ። ያገለገለ ከሰው የምትገዙ ከሆነ ጎማው ይውለቅላችሁ፤ የውስጥ ጠርዙን በጣታችሁ ዙሩት። የተበየደ ቸርኬ በነጻ ቢሰጣችሁ እንኳ አትውሰዱ።

ልኬቱ እንዲህ ነው። ቡሎኑ 5 በ100 (አምስት ቡሎን፣ 100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ)፣ የመሃል ቀዳዳው 56.1 ሚሊ ሜትር፣ የፋብሪካው ኦፍሴት (ከቸርኬው ስፋት መሃል እስከ ሞዞው ላይ የሚያርፈው ፊት ያለው ርቀት) 48 ሚሊ ሜትር። የአርፒኤፍ1 ቀዳዳ 73 ስለሆነ ሞዞው ላይ የሚገባ ቀለበት የግድ ያስፈልጋል። የአሉሚኒየሙን ሳይሆን የፕላስቲኩን እመርጣለሁ፤ በክረምት ጨው በሚረጭበት መንገድ አይጣበቅም። ብሬምቦ የሚባለው ትልቁ ፍሬን ያላችሁ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ቸርኬው ካሊፐሩን (የፍሬን ሸራውን የያዘውን አካል) ማለፉን አረጋግጡ። ሁሉም 17 አያልፈውም።

አሁን ማስገጠሚያው፤ እኔ የተጎዳሁት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የወሰድኩት ሱቅ፣ ስሙ ይቅር፣ በ20 ደቂቃ ጨርሶ ሸኘኝ። ሀይዌይ ላይ 60 ማይል ስደርስ መሪው እጄ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቤት ገብቼ ክሪክ አስገባሁ። ዳዶው አልፈታ አለኝ፤ መፍቻው ላይ ቆሜ ነው የፈታሁት። በአየር መፍቻ ጨርሰው ነበር ያጠበቁት። ቸርኬው ሲወርድ ቀለበቶቹ የሉም። የኋላ ወንበር ላይ ከነፌስታላቸው ተቀምጠዋል።

ስለዚህ ከሦስቱ መንገዶች እንዲህ አመዛዝኑ። የመጀመሪያው ታየር ራክ የሚባለው የኢንተርኔት ሻጭ ነው፤ ቸርኬና ጎማ አብራችሁ ስታዙ ገጥሞ፣ ባላንስ አድርጎ፣ ከነቀለበቱና ከነዳዶው ይልካል። እናንተ ማሰር ብቻ ነው፤ ለጀማሪ ይህን አስቀድማለሁ። ሁለተኛው በየሰፈሩ ያሉት ትልልቅ የጎማ ሱቆች ናቸው። እዚያ ስትደውሉ "ሃንተር ሮድ ፎርስ ማሽን አላችሁ?" በሉ። ጎማውን በሮለር ተጭኖ፣ መንገድ ላይ እንዳለ አድርጎ ይለካዋል። የማመጣጠኛ ክብደት በመለጠፍ ብቻ የማይጠፋውን ንዝረት የሚያገኘው እሱ ነው። ሦስተኛው የሐበሻ ጋራዦቻችን ናቸው። ለፍሬንና ለኩሽኔታ እኔ ሌላ ቦታ አልሄድም፤ አጠገባቸው ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ ያስረዷችኋል። ለስስ ቸርኬ ግን ጠርዝ የማይጭር ዘመናዊ የጎማ ማውለቂያ እንዳላቸው ቀድማችሁ ጠይቁ።

የትም ብትሄዱ ዳዶው በእጅ ይጀመር፣ መጨረሻው በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) 89 ፓውንድ ፉት ይሁን። 50 ማይል ከነዳችሁ በኋላ ጠዋት፣ ቸርኬው ቀዝቃዛ እያለ፣ ደግማችሁ አጥብቁ።

የሻንጣ ሚዛኗን መዋስ የሚፈልግ ይንገረኝ። ወደ አዲስ የምሄደው ለገና ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ጋራዥ ውስጥ ናት።