ዴስክቶፔ ሲነሳ ስታክ ያረጋል፣ ፎርማት ከማስደረጌ በፊት ሃሳብ ስጡኝ

ፎቶኮፒ ቤት፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ አካባቢ ትንሽዬ የጽሁፍና የፎቶኮፒ ቤት አለችኝ። የምሰራበት ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው፣ ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10። እስካሁን አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ግን ዝናቡ እየጣለ መብራት ቦግ እልም ሲል ዋለና ከዛ ወዲህ ሲነሳ ስታክ ያረጋል። የዴል አርማ ይመጣል፣ የዊንዶውሱ መስኮት ይመጣል፣ ከስር የሚሽከረከሩት ነጠብጣቦች ትንሽ ይዞሩና ቀጥ ይላሉ። ማውስ የለ ኪቦርድ የለ፣ ካፕስ ሎክ ስጫን እንኳን መብራቷ አትበራም። ፊት ለፊት ያለችው የሃርድ ዲስክ መብራት ደግሞ ብልጭ ድርግም ማለቷን ትታ ዝም ብላ በርታ ትቀራለች። በፓወሩ አጥፍቼ ደጋግሜ ስሞክረው አልፎ አልፎ ይነሳል፣ ሲነሳም ኤሊ ነው።

አንድ ጥገና ቤት ወስጄው ነበር፣ ክዳኑን እንኳን ሳይከፍት ዊንዶውሱ ተበላሽቷል ፎርማት ይደረግ አለኝ፣ ፋይልሽ ዲ ላይ ከሆነ አይነካም አለኝ። እኔ ግን ሆዴ እምቢ አለኝና ይዤው ተመለስኩ። ዲ ላይ ያለው የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሁፍ ነው፣ ግማሾቹ ፍላሻቸው ላይ የድሮውን ነው የያዙት፣ የታረመው እኔ ጋ ነው ያለው፣ ማስገቢያቸው ደግሞ ደርሷል። እባካችሁ የምታውቁ ምን ላርግ?

የሄርማታው፦

አብሽሪ እህቴ። የኛ አገር እርጥበት ራም ላይ ይጫወታል፣ በተለይ ክረምት ሲገባ። ራሙን ንቀይና ወርቃማውን ጥርሱን በነጭ ላጲስ ቀስ ብለሽ ጥረጊው፣ የላጲሱን ብናኝ በደንብ አራግፊው፣ ቦታውን ቀይረሽ መልሺው። ሁለት ፍሬ ከሆነ አንዱን ብቻ አርገሽ ሞክሪ፣ ከዛ ሌላውን ብቻ፣ የታመመው የቱ እንደሆነ ይለይልሻል። ውስጡ አቧራም ካለ አስነፊው። ይነሳልሽ እንደሆነ ደግሞ ቼክ ዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ የዲስክ መመርመሪያ አስሮጪው፣ ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል።

ላብ ቴክኒሺያን፦

እህቴ ይዘሽው በመመለስሽ ደስ ብሎኛል። ከሁሉም በፊት ይሄን ልብ በይልኝ፣ ሲ እና ዲ ሁለት ሃርድ ዲስክ አይደሉም። ያው አንዱ 500 ጊጋ ዲስክ ነው ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ስም የተሰጠው። ፎርማት ሲን ብቻ ነው የሚያጠፋው ዲ አይነካም የሚባለው ዲስኩ ጤነኛ ሲሆን ነው፣ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ ሲም ዲም አብረው ነው የሚሄዱት፣ አዲስ ዊንዶውስ ሲጫንበት ደግሞ ስንት ጊጋ ስለሚጻፍበት ሞቱን ታፋጥኚዋለሽ። ስለዚህ ፋይሉ እስኪወጣ ድረስ ማንም ፎርማት እንዳያረግብሽ፣ እያጠፋሽ እያበራሽ መሞከሩንም አቁሚ።

የነገርሽን ምልክት ሳየው፣ በተለይ የዲስኩ መብራት በርታ መቅረቷን፣ ወደ ዲስኩ ነው የሚወስደኝ። ግን በግምት ብር አይወጣም፣ እንለየው። ፕሪንተር ስካነር ፍላሽ ምኑንም ንቀይ፣ ኪቦርድ ማውስና ስክሪን ብቻ ይቅር፣ የተበላሸ ፍላሽ ወይም ካርድ ሪደር አንዳንዴ ኮምፒውተሩን አርማው ላይ ያስቀረዋል። ከዛ አብሪውና አርማው እንደመጣ ኤፍ 2 ደጋግመሽ ተጫኚ፣ ባዮስ ይከፈታል (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ የራሱ ሴቲንግ ነው)፣ ክፍቱን ሃያ ደቂቃ ያህል ተይው፣ መሃል መሃል ማውሱን አንቀሳቅሺው። ባዮስ ውስጥ ዊንዶውስ የሚባል ነገር የለም፣ እዛም ቀጥ ካለ ችግሩ ራም ወይ ፓወር ሰፕላይ ወይ ሙቀት ወይ ማዘርቦርድ ነው፣ መቶ ጊዜ ፎርማት ቢደረግ አይድንም። ቀጥ ካላለ እነዚህ ሁሉ ደህና የመሆናቸው ዕድል ሰፊ ነው።

እዛው ሆነሽ ሰዓቱንና ቀኑን እይልኝ። ብዙ ዓመት ወደኋላ ከተመለሰ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው 2032 የምትባለዋ ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አልቃለች። ይቺን አትናቂያት፣ እሷ ስትሞት መብራት በሄደ ቁጥር ባዮሱ ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ ይመለሳል፣ ሳታ ኦፕሬሽን የሚለው (ማዘርቦርዱ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ) ከኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ ይቀየርና ጤነኛው ዊንዶውስ አልነሳም ይላል። ያኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ስክሪን ከነጽሁፉ ነው የሚመጣው፣ እንዳንቺው ዝም ብሎ አይቀርም።

ቀጥሎ ገመዱን ከሶኬቱ ንቀይ፣ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ፓወሩን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነሽ ውስጥ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጪ። ክዳኑን ክፈቺና ከሃርድ ዲስኩ ወደ ማዘርቦርዱ የምትሄደዋን ቀጭን የሳታ ኬብል ንቀያት። አሁን አብሪው። አርማውን ሳይንገራገጭ አልፎ የሚነሳበት ዲስክ አጣሁ የሚል ጽሁፍ ካመጣ ጥፋቱ ወይ ዲስኩ ወይ ኬብሉ ወይ ዊንዶውሱ ነው ማለት ነው፣ ኬብሉን በሌላ ቀይረሽ እይው። ፓወር ሰፕላዩን ግን እንዳትፈቺው፣ ተነቅሎም ውስጡ ኤሌክትሪክ ይይዛል።

የሄርማታው ወንድሜ የራሙ ነገር ልክ ነህ፣ ቼክ ዲስኩ ላይ ግን አልስማማም። ቼክ ዲስክ ስላሽ አር ሲባል ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያነበዋል፣ ለደከመ ዲስክ ያ የብዙ ሰዓት ስቃይ ነው፣ የሚያስተካክለውም ፋይል ሲስተሙን፣ ማለትም የፋይሎቹን አቀማመጥ መዝገብ ነው እንጂ የሰውን ጽሁፍ አይመልስም። ፋይሉ ይውጣ፣ ከዛ የፈለግነውን እናርገዋለን።

ፎቶኮፒ ቤት፦

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ ያልከውን አርጌ ነው የመጣሁት። ባዮስ ውስጥ ምንም አላለም፣ ሰዓቱም ልክ ነው። ራሙን በላጲስ ጠርጌ መለስኩት፣ ለውጥ የለም። የዲስኩን ኬብል ስነቅል አርማውን ወዲያው አለፈና ዲስክ የለም አለ፣ ኬብሉን ጎረቤቴ ካለው የቆመ ኮምፒውተር ወስጄ ቀየርኩት፣ ያው ነጠብጣቡ ላይ ቀጥ። ጆሮዬን አስጠግቼ ስሰማው ደግሞ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምጽ አለው፣ በፊት ሰምቼው አላውቅም። አሁን ዊንዶውሱ ካልተነሳ ፋይሉን በምን ላውጣ?

ላብ ቴክኒሺያን፦

ጠቅ ጠቁን ስትይ ነገሩ ተዘጋ፣ ዲስኩ ነው። ከአሁን በኋላ የምታበሪው ፋይል ለማውጣት ብቻ ይሁን።

ከ8 ጊጋ የማያንስ ባዶ ፍላሽ ፈልጊ፣ በሌላ ኮምፒውተር ሊኑክስ ሚንት አውርጂ፣ እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ሲስተም ነው፣ ነጻ ነው፣ 3 ጊጋ ገደማ ስለሆነ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ይሻልሻል። ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ጻፊው፣ ፍላሹ ላይ የነበረ ነገር እንደሚጠፋ እወቂ። ከዛ ያንቺን ስታበሪ ኤፍ 12 ተጫኚ፣ ፍላሹን ምረጪ። ሚንት ምንም ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ይነሳል፣ ዊንዶውሱን አይነካም። ዴስክቶፑ ላይ ጫን የምትል ምልክት አለች፣ እሷን እንዳትነኪ።

መጀመሪያ ዲስክስ የሚለውን ፕሮግራም ከፍተሽ ስማርት ዳታ የሚለውን እይ፣ ዲስኩ ስለራሱ ጤና የሚመዘግበው ነው። 5ኛው ሪአሎኬትድ ሴክተር ይላል፣ 197ኛው ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር፣ እነዚህ ዜሮ ካልሆኑ ዲስኩ ላይ የተጎዳ ቦታ አለ። 199ኛው ብቻ ከሆነ የሚጨምረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ኬብሉ ነው። ከዛ ኤክስተርናል ዲስክ ሰክተሽ ኮፒ አርጊ፣ ሁሉንም ባንዴ ጎትተሽ አትልቀቂ፣ መጀመሪያ የተማሪዎቹን ፎልደር፣ ቀጥሎ የሂሳብሽን፣ ዘፈንና ፊልም ካለ መጨረሻ። አንዱ ፋይል ላይ ከቆመ አትታገዪው፣ ዝለይውና ሌሎቹን ጨርሺ፣ ኋላ ትመለሺበታለሽ። ዊንዶውሱ በትክክል ስላልተዘጋ ሚንት ማንበብ ብቻ ነው የምችለው ሊልሽ ይችላል፣ አያስደንግጥሽ፣ እኛም የምንፈልገው ማንበቡን ነው።

ጽሁፍ ቤት ስለሆንሽ ደግሞ አንድ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር። ሲ ውስጥ ዊንዶውስ የሚለው ፎልደር ስር ፎንትስ አለ፣ እሱንም ሙሉውን ኮፒ አርጊ። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ዶክመንት ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቁ ወጥቶ ነው የሚከፈተው፣ ሰው ፋይሉ ተበላሸ ብሎ ያለቅሳል፣ ፋይሉ ግን ምንም አልሆነም።

ቆጪ ሰፈር፦

ላብ ቴክኒሺያን ሁሉንም ብሎታል፣ እኔ የመብራቱን ልጨምር። ስታብላይዘርና ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዘው) አንድ አይደሉም። ስታብላይዘር ቮልቴጁ ከ220 ሲወርድ ሲወጣ ያስተካክላል እንጂ መብራት ጭልጥ ሲል ኮምፒውተሩም አብሮ ጭልጥ ነው። ዲስክ እየጻፈ እያለ ድንገት ሲቋረጥ ነው ጉዳቱ። አነስተኛ ዩፒኤስ ሴቭ አርጎ ለመዝጋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጥሻል፣ ሲፒዩውንና ስክሪኑን ብቻ ሰኪበት። ሌዘር ፕሪንተሩንና ፎቶኮፒውን እሱ ላይ እንዳትሰኪ፣ ወረቀቱን ሲያሞቁ የሚስቡት ኃይል ከባድ ነው፣ ዩፒኤሱ አይችለውም። መብራት ቦግ እልም ማለት ከጀመረ ደግሞ ዘግተሽ ንቀይው፣ እስኪረጋጋ ደንበኛ ይጠብቅ።

ፎቶኮፒ ቤት፦

አልሃምዱሊላህ ወጣልኝ! 197ኛው ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ነው፣ 199ኛው ዜሮ። የመመረቂያ ጽሁፎቹ ሁሉም ወጡ፣ አንድ ፎልደር ላይ ቆሞ አስለቅሶኝ ነበር፣ እንዳልከኝ ዘልዬው ሌላውን ጨርሼ ስመለስ ከሁለት ፋይል በስተቀር ተነበበ፣ ሁለቱም ባለቤታቸው ጋ ኮፒ አላቸው። ፎንቶቹንም ይዣለሁ። ልጆቹ ጽሁፋቸውን ሲያገኙ ፊታቸውን ብታዩት! አሁን ምን ዲስክ ልግዛ፣ ዊንዶውስ 11 ይሻልሻል የሚሉኝም አሉ።

የሄርማታው፦

ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ ግዢ፣ 240 ወይ 256 ጊጋ ይበቃሻል፣ ያው ማሽን መሆኑን ትጠራጠሪያለሽ። የላፕቶፕ ሳይዝ ስለሆነ ማሰሪያ ከሌለሽ በፕላስተር ጥግ ላይ ያዢው፣ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ችግር የለውም። ከተረፈሽ ራሙን 8 አርጊው፣ የራሙ ዓይነት ዲዲአር 3 መሆኑን ለሻጩ ንገሪው።

ላብ ቴክኒሺያን፦

እንኳን ደስ ያለሽ፣ ከልቤ ነው። ዊንዶውስ 11ን ተይው፣ 7010 ሶስተኛ ጀነሬሽን ኢንቴል ነው፣ 11 ደግሞ በይፋ ከስምንተኛ ጀምሮ ነው የሚቀበለው፣ አስገድደው የሚጭኑ አሉ ግን ለሥራ ኮምፒውተር አልመክርሽም። 10ን ጫኚ፣ በፊት አክቲቬት የነበረ ከሆነ ላይሰንሱ ከማዘርቦርዱ ጋር ስለተያያዘ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ያረጋል፣ የድሮውን ኤዲሽን (ሆም ወይ ፕሮ) ከመረጥሽ። ማይክሮሶፍት የ10ን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 2018 ላይ በኛ አቆጣጠር አቁሟል፣ የየሰዉ ፍላሽ ስለሚሰካበት አንቲቫይረሱን አፕዴት አድርገሽ ያዢ፣ ከፍላሽ ራሱ እንዳይከፍት ኦቶ ፕሌይን አጥፊው።

ፎቶኮፒ ቤት፦

እሺ ወንድሜ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ የድሮውን ዲስክ ለባካፕ ልጠቀምበት ወይስ ልሽጠው? ልግዛሽ ያለኝ ልጅ አለ።

ላብ ቴክኒሺያን፦

ሁለቱንም አታርጊ። የተጎዳው ቦታ እየሰፋ ነው የሚሄደው፣ ባካፕ ብለሽ ያስቀመጥሽው በፈለግሽው ቀን አይከፈትልሽም። ለልጁም አትስጪ፣ ስንት ሰው መታወቂያውንና ፓስፖርቱን ስካን ያስደረገው እዛ ላይ ነው፣ ፎርማት ብታረጊውም ከፋይሉ ብዙው ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ክዳኑን ፈትተሽ ውስጡ ያሉትን የሚያብለጨልጩ ክብ ሳህኖች በምስማር ጫሪያቸው፣ መስታወት ከሆኑ ስለሚፈነጠሩ በጨርቅ ጠቅልለሽ በመዶሻ ስበሪያቸው፣ ከዛ ጣይው።